ጠባቡ ቄንጠኛ ፊደል የት ያምራል፣ የት ይጠፋል?

አዳማ ውስጥ አዲስ ካፌ፣ የሙሽራ ሳሎን ወይም ሆቴል ሲከፈት ስሙ በምን ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ያው ነው። ረጅምና ጠባብ ፊደል፣ አንዱ መስመር ወፍራም፣ ሌላው ፀጉር የሚያክል። ጫፍ ጫፉ ላይ ቀጭን መቆሚያ አለው። የሽቶ ካርቶን ላይ፣ የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ፣ የሠርግ መጥሪያ ላይ የምናየው ማለት ነው። ደንበኛው «ክላስ ያለው ነገር ሥራልኝ» ሲል የዲዛይነሩ እጅ የሚሄደው ወደዚህ ነው።

አልፈርድባቸውም፤ ያምራል። ግን ኮምፒውተር ላይ ያማረው ስም መንገድ ዳር ሲሰቀል ግማሹ ይጠፋል። ጥፋቱ የአታሚው ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አታሚው የተሰጠውን ነው ያተመው። ፊደሉ ራሱ ለሌላ ቦታ የተሠራ ነው።

በፊደል ሠሪዎች ዘንድ ይህ ዓይነት ሦስት ባሕርይ አለው። አንደኛ ሰሪፍ ነው፤ መስመሮቹ ሲያልቁ ትንሽ መቆሚያ ያወጣሉ። ሁለተኛ በወፍራሙና በቀጭኑ መስመር መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትልቅ ነው። ሦስተኛ ኮንደንስድ ነው፤ ማለትም ቁመቱ ሳይቀንስ ወርዱ ጠቧል። ሦስቱ ሲገናኙ ዲስፕሌይ የሚባለው ክፍል ውስጥ ይገባል። ዲስፕሌይ ማለት ለርዕስ፣ ለስም፣ ለጥቂት ቃል ብቻ፣ በትልቁ የሚጻፍ ማለት ነው። አንቀጽ አይጻፍበትም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከአውሮፓ ነው፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን። ከዚያ በፊት የላቲን ማተሚያ ፊደል ቅርጹን የቀዳው ከሰፊ አፍ ብዕር ነበር። እሱም ወፍራምና ቀጭን ይሠራል፤ ልዩነቱ ግን መጠነኛ ነው። በኋላ ሹል ብዕር ገነነ። ሹል ብዕር ሲጫኑት አፉ ይከፈትና መስመሩ ይወፍራል፣ ሲለቁት ፀጉር ያክላል። በመዳብ ሰሌዳ ላይ የሚቀርጹትም እንደዚያው ረቂቅ መስመር ያወጡ ነበር። አታሚዎች ይህን ውበት ከእርሳስ ብረት ወደተሠራው ፊደላቸው ማምጣት ፈለጉ። እንቅፋቱ ወረቀቱ ነበር። ሻካራ ወረቀት ላይ ቀጭን መስመር አይይዝም፤ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ቀለሙ ይፈስና ይወፍራል። በ1750ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ አታሚው ጆን ባስከርቪል ለስላሳ ወረቀትና የተሻለ ቀለም ይዞ መጣ። የታተመውን ወረቀትም በጋለ መዳብ መሃል እየተጫነ ያለሰልሰው ነበር። መንገዱ ተከፈተ። ከዚያ ፓሪስ ውስጥ የዲዶ ቤተሰብ፣ ጣሊያን ውስጥ በ1768 የፓርማን መስፍን ማተሚያ ቤት የተረከበው ጃምባቲስታ ቦዶኒም ነገሩን ጥግ አደረሱት። ቋሚው መስመር እንደ ምሰሶ ወፈረ፣ አግዳሚው እስከሚቻለው ድረስ ቀጠነ። ዛሬም ዲዶ ወይም ቦዶኒ የሚባሉ ፎንቶች በየኮምፒውተሩ አሉ።

መጥበቡ የመጣው ደግሞ ከማስታወቂያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተሞቹ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የማስታወቂያ ወረቀት ተሞሉ። የወረቀቱ ስፋት የተወሰነ ነው፤ ቃሉም አይቀነስም። ከሩቅ እንዲታይ ፊደሉን ማስረዘም ካስፈለገ ወርዱን ከማጥበብ ሌላ ምርጫ የለም። ትልልቅ የእርሳስ ፊደል ከባድም ውድም ነበር። በ1827 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳሪየስ ዌልስ የእንጨት ፊደል በማሽን ማምረት ሲጀምር ግን ቁመቱን የሚገድበው ነገር ላላ። ጠባብ ረጃጅም ፊደሎች በየዓይነቱ ፈሉ። የዛሬው ቄንጠኛ ጠባብ ፊደል ከሁለቱም ወርሷል። ፀጉር መስመሩን ያገኘው ከቤተ መንግሥት ማተሚያ ቤት ነው፣ ጥበቱን ከመንገድ ላይ ማስታወቂያ። «ክላስ» የሚለው ስሜት የመጣው ደግሞ በኋላ ነው፣ ከፋሽን መጽሔቶች። አሌክሴ ብሮዶቪች በ1934 የሃርፐርስ ባዛር የጥበብ ዳይሬክተር ሆኖ ሰፊ ነጭ ቦታ ላይ እንዲህ ያለውን ፊደል ሲያስቀምጥ ዓይናችን ተገራ። ዛሬ ፊደሉን ስናይ ሽቶ ይሸተናል።

አሁን ወደ እኛው ፊደል እንምጣ። ግዕዝ ወፍራምና ቀጭን አዲሱ አይደለም። በመቃ ብዕር ብራና ላይ የተጻፈ ቁም ጽሕፈት ብታዩ ቋሚው እግር ወፍራም ነው፣ አግዳሚው ቀጭን። የጎንደር ዘመን መጻሕፍት ትልልቁ ጽሕፈት ጉልህ፣ ትንሹና ቀጭኑ ረቂቅ ይባላል። ለትልቅ የሚሆነው ለትንሽ እንደማይሆን ጸሐፊዎቹ ያውቁት ነበር ማለት ነው። የፎንት ሰዎችም ይህንኑ ዛሬ በሌላ መንገድ ይሠሩታል። ፊደል ሠሪው ጆናታን ሄፍለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ለሃርፐርስ ባዛር ዲዶን እንደገና ሲሥል አንድ ፊደል ሠርቶ አልተወም። ከ6 ነጥብ (ፖይንት የሚባለው የፊደል መጠን መለኪያ ነው) እስከ 96 ነጥብ ድረስ 7 የተለያዩ መጠኖች አዘጋጀ። ለ6 ነጥብ የተሣለው ቀጭን መስመሩ ጠንከር ይላል፣ ለ96 የተሣለው ፀጉር ነው። የ96ቱን ወስዶ ዋጋ ዝርዝር ላይ ማስቀመጥ ጥፋት ነው። የ6ቱን ወስዶ ቢልቦርድ ላይ መስቀል ደግሞ ዱልዱም ያደርገዋል።

የግዕዝ ችግር ግን ከላቲን ይልቅ ይከፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በእኛ ፊደል ቀጭኑ መስመር ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ትርጉም ይሸከማል። ሀ እና በን አስቀምጡና እዩ። ሁለቱም ሁለት ቋሚ እግር አላቸው። ሀ ከታች ይያያዛል፣ በ ከላይ። ማያያዣው ፀጉር ካከለና ከርቀት ከጠፋ የቀረው ሁለት እንጨት ነው፤ ሀ ይሁን በ ማን ያውቃል። ሠ እና ጠም እንደዚያው ሦስት ሦስት እንጨት ይሆናሉ። ፀ መሃሉ ላይ ያለችው ሰረዝ ከጠፋች ዐ ሆነ። ካዕቡን ከግዕዙ የምትለየው ደግሞ በቀኝ እግር ወገብ ላይ የምትወጣው ትንሽ ጭረት ናት። እሷ ከቀጠነች «ቡና» ከሩቅ «በና» ይሆናል። ሣልሷ እግር ሥር ናት፤ እሷ ደግሞ ከመቆሚያው፣ ማለትም ከሰሪፉ ጋር ትምታታለች። የፊደሉ መቆሚያ ረዘም ብሎ ከተሣለ አንባቢው በ ይሁን ቢ ቆም ብሎ ማየት አለበት።

ከሁሉ የሚያስቀው የራስ ላይ ሰረዝ ነው። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች አግዳሚ ሰረዝ ነው። አግዳሚ ስለሆነች በዚህ ዓይነት ፊደል ውስጥ መቅጠን አለባት። ስለዚህ አንድ የሐበሻ ልብስ መሸጫ በሩ ላይ «ሸማ» ብሎ ቢያስጽፍ፣ ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰው «ሰማ» ነው የሚለው። ምን እንደሰማ አይታወቅም።

ታዲያ ከስንት ርቀት ነው የሚጠፋው? እዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ሰው ሊሠራው ይችላል። ጤነኛ ዓይን በ10 ሜትር ርቀት በደንብ ለይቶ የሚያየው ዝርዝር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር እሱም በእጥፍ ይጨምራል። 50 ሜትር ላይ 15 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። አሁን የሆቴል ስም በ50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይጻፍ እንበል። ትልቅ ነው። ወፍራሙ መስመር 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ቀጭኑ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወፍራሙ ከሩቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጭኑ ግን ከ17 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ይደበዝዛል። ፈጽሞ አይሰወርም፤ ይገረጣል። ላዩ ላይ የአዳማን አቧራና የከሰዓት ፀሐይ ጨምሩበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ስሙ ሙሉ ሆኖ በሚታይበት ርቀት ውስጥ የሚቆየው አንድ ሰከንድ ነው። ከዚያ አልፏል፣ ወደ አዋሽ።

ስልክም ያው ነው፣ በተቃራኒው። በቴሌግራም ፕሮፋይል ክብ ውስጥ ያ ስም 4 ሚሊ ሜትር ቁመት ቢኖረው ቀጭኑ መስመር 0.04 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙ ስልኮች ላይ አንዷ የስክሪን ነጥብ (ፒክስል) ራሷ 0.06 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት። ስክሪኑ ከአንድ ነጥብ ያነሰ መስመር መሣል አይችልም፤ ግራጫ አድርጎ ያልፈዋል። ዛሬ ደንበኛ ሆቴሉን መጀመሪያ የሚያየው በሩ ላይ ሳይሆን እዚያ ክብ ውስጥ ስለሆነ፣ ፊደል ሲመረጥ መታየት ያለበት መጀመሪያ ትንሹ ቦታ ነው።

በዚህ ፊደል ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ለምን እንደማይሆንም ከዚሁ ይገባናል። ቀጭኖቹ ሲደበዝዙ ዓይን የሚያየው የተደረደሩ ወፍራም ቋሚዎችን ብቻ ነው። በባጃጅ እየሄዱ በእንጨት አጥር ክፍተት ግቢ ውስጥ ለማየት እንደመሞከር ዓይን ያጭበረብራል። ፊደሉ ሲጠብ ደግሞ ቋሚዎቹ ይቀራረባሉና ይብሳል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋት፣ መጨፍለቅ። ፎንቱ ጠባብ ካልሆነ ምን ይደረጋል? ጽሑፉን መርጦ ጎኑን በማውዝ መግፋት። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ግን ምን እንደሚሆን እንይ። የአንድ ፊደል ቋሚ መስመር 10፣ አግዳሚው 8 ነው እንበል፤ ተራ ፎንት ነው። ወርዱን ወደ 60 በመቶ ስትጨፈልቁት ቋሚው 6 ይሆናል። አግዳሚው ግን ውፍረቱ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሆነ 8 እንዳለ ይቀራል። አግዳሚው ከቋሚው በለጠ። ፊደሉ የተገለበጠ ይመስላል። ምን እንደሆነ መናገር ባይችልም ማንም ሰው አይቶ «የሆነ ነገር ደስ አይልም» ይላል። ቀጭን መስመር ያለው ፎንት ሲሆን ደግሞ ቋሚ የነበሩት ቀጭን መስመሮች ይብሱኑ ቀጥነው ይበጠሳሉ። ክቡ ዐ የተረገጠ ቆርቆሮ ይሆናል።

በትክክል የተሣለ ጠባብ ፊደል ከዚህ ይለያል። ሠሪው ወርዱን ሲያጠብ ቋሚውን በልኩ ያቀጥነዋል። አለዚያ ውስጡ ያለው ነጭ ቦታ ይታፈናል። ክቡን ሞላላ ከማድረግ ይልቅ ጎኑን ቀጥ አድርጎ ላይና ታቹን ብቻ ያጎብጠዋል። ሁሉንም ፊደል እኩል አያጠብም። ገ እና ነ ቀድሞውኑ ጠባብ ናቸው፤ ብዙም አይነኩም። ሠ፣ ጨ፣ መ እና ሐ ግን ብዙ ይቀነስላቸዋል፤ ዋናው ፈተና እነሱ ናቸው። በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተትም እንደ ውስጡ ነጭ ይጠብባል፤ ካልሆነ ቃሉ ይበታተናል። ሲጠብ ደግሞ ቃልን ከቃል መለየት ይቸግራል። እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልጨምር፦ ሁለት ነጥብን የተውነው ያለጊዜው ይመስለኛል። ተጠጋግቶ በተጻፈ ትልቅ ስም መሃል «፡» ገብታ እንደምታምር ሞክሩና እዩ።

አዳማ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ታፔላው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛም ይጨመራል። «ምግብ ቤት» 5 ፊደል ነው። «መና ኛታ» በቁቤ ሲጻፍ አናባቢው እየተደገመ 11 ፊደል ይሆናል። ስለዚህ ጠባብ ፊደል የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ለቁቤው ነው። አማርኛው ሰፋ ብሎ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ አንድ ፊደሉ ሙሉ ክፍለ ቃል ይዟል። ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ ጠቁሮ ሌላው ገርጥቶ እንዳይሆን የቋሚዎቹን ውፍረት ማመሳሰል ያስፈልጋል። ቁመትም እንደዚሁ። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፣ የእኛ የለውም። የአማርኛውን ቁመት ከላቲኑ ትልቅ ፊደል ጋር እኩል ካደረጋችሁት አማርኛው የሚጮህ ይመስላል። ትንሽ ዝቅ ይበል።

ዕቃው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ስቲከር በካተር ሲቆረጥ ትርፉ በእጅ ይላጣል። ያኔ ፀጉር መስመሩ አብሮ ይነሳል፤ ቢተርፍም የሚይዝበት ማጣበቂያ ጥቂት ስለሆነ በአዳማ ነፋስና ፀሐይ ቀድሞ የሚላቀቀው እሱ ነው። ውስጡ መብራት የሚገባበት ፊደል ከሆነ ቀጭኑ ውስጥ ኤልኢዲ አይገባም፤ ማታ ወፍራሙ ብቻ ይበራል። ፎጣ ላይ ሲጠለፍ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ መስመር ይበላሻል። ጥቁር ሜኑ ላይ ነጭ ፊደል ሲታተም በዙሪያው ያለው ቀለም ይሰፋና ቀጭኑን ይውጠዋል።

ታዲያ የት ያምራል? ሪሴፕሽን ግድግዳ ላይ፣ ሰው ከ3 እና ከ4 ሜትር ቆሞ በሚያይበት። የሠርግ መጥሪያ ላይ የሙሽሮቹ ስም። የሜኑ ሽፋን። በትልቅ ፎቶ ላይ አንድ ቃል። ሥሩ የሚመጣው ስልክ ቁጥር፣ አድራሻና ዋጋ በሌላ ፊደል ይሁን፤ ልዩነቱ አነስተኛ በሆነ፣ ተራ በሚመስል። ሁለት ቄንጠኛ አብረው ሲቀመጡ ይጣላሉ።

ለላቲኑ ነፃ ምርጫ ሞልቷል። ጉግል ፎንትስ ላይ ፕሌይፌር ዲስፕሌይ አለ፣ ቦዶኒ ሞዳ አለ፣ ጠበብ ያለ ለሚፈልግ ኢንስትሩመንት ሰሪፍ አለ። ለግዕዝ ግን እጅ ያጥራል። ጥሩው መነሻ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ነው። ነፃ ነው፣ ወርዱም ከ100 ወደ 62.5 በመቶ ሳይጨፈለቅ በትክክል ይጠብባል፣ ከስስ እስከ ጥቁር ውፍረትም አለው። የቀጭንና የወፍራም ልዩነቱ ግን መጠነኛ ነው፤ ለታፔላ ይበቃል፣ ለሽቶ ካርቶን አይበቃም። ያንን የፈለገ ሰው ስሙን ቢሥለው ይሻላል። የሆቴል ስም እኮ ቢበዛ 6 ወይም 7 ፊደል ነው፤ ሙሉ 200 ምናምን ፊደል መሥራት አይጠበቅበትም። ሲሥል ማያያዣውንና መቆሚያውን እንደፈለገ ያቅጥን። የካዕብና የሣልስ ጭረትን፣ የሸና የኘን አናት፣ የፀን ሰረዝ ግን የዚያን ሁለት ሦስት እጥፍ ያድርጋቸው። ትርጉም ያለው መስመር ይወፍራል፣ ጌጡ ይቀጥናል። ለመንገድ ዳርና ለቴሌግራሙ ክብ ደግሞ ቀጭኑ በሙሉ ጠንከር ያለ ሁለተኛ ቅጂ ያዘጋጅ።

ዋጋ የሚጠይቅ ፎንት ከኢንተርኔት ላይ «ለግል ብቻ» ተብሎ ሲወርድ ለሆቴል ሎጎ አይሆንም፤ ፈቃዱን ማንበብ ነው። የቆዩት፣ ዩኒኮድ ከሚባለው የጋራ የፊደል ኮድ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶችም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ጽሑፉን የላቲን ምልክት መዓት ያደርጉታል። ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ ይሂድ። አለበለዚያ እነሱ ጋር ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ ይተካል፤ ያ ሁሉ ተደክሞበት ባነሩ ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ ፎንት ታትሞ ይመጣል።